መብራት በጠፋ ቁጥር "ኦፍላይን" የሚል ፕሪንተር

ጥያቄ፦ "የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ፈተናና መልመጃ ፕሪንት የማደርገው ቤቴ ነው። ፕሪንተሩ በዋይፋይ ጥሩ ይሠራል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ላፕቶፔ 'ኦፍላይን' ይላል። አጥፍቼ እንደገና ኢንስቶል ሳደርገው ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ተመልሶ ያው ነው። አንድ ሰው የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር አለኝ። ላስቀይረው?"

አብሽሪ እህቴ፣ አታስቀይሪው። የተቃጠለ ካርድ ፕሪንተሩን ኢንስቶል ስላደረግሽው አይነሳም። ያንቺ ችግር ያለው አድራሻው ላይ ነው።

ቤትሽ ዋይፋይ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ከራውተሩ የቁጥር አድራሻ ይቀበላል። አይፒ አድራሻ የሚባለው ነው፤ ለምሳሌ 192.168.1.5። ብዙ የቤት ራውተሮች መብራት ሲጠፋባቸው ለማን የቱን እንደሰጡ ይረሳሉ። ሲነሱ እንደ አዲስ ያድላሉ። ትናንት 5 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 3 ይሆናል፤ 5 ደግሞ ለአንዱ ስልክ ይደርሳል። ላፕቶፕሽ ግን ሥራውን አሁንም ወደ 5 ይልካል። ቤት የለቀቀን ሰው የድሮ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ማንኳኳት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ላፕቶፑ የትኛው ዋይፋይ ላይ እንዳለ እዪ። እኛ አካባቢ ይኼ በጣም ያጋጥመኛል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይዘጋል፣ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል። ሰው የስልኩን ሆትስፖት ይከፍታል ወይም ባለ ሲም የኪስ ዋይፋዩን ያበራል። መብራት ሲመጣ ላፕቶፑ እዚያው ይቀራል። ኢንተርኔቱ ስለሚሠራ ማንም አይጠረጥርም። የላፕቶፑ አድራሻ በ192.168.8 ጀምሮ የፕሪንተሩ በ192.168.1 ከጀመረ አይገናኙም። ላፕቶፑን ወደ ቤቱ ዋይፋይ መልሺው፤ ሌላ ሳትነኪ ሊሠራ ይችላል።

ካልሆነ ፕሪንተሩ የራሱን የኔትወርክ መረጃ እንዲያትም አድርጊ። ስክሪን ካለው ሴቲንግ ውስጥ "ኔትወርክ" የሚለው ጋ ታገኚዋለሽ። ስክሪን ከሌለው የሚጫነው ቁልፍ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፣ መመሪያው ላይ አለ። ወረቀቱ ላይ አይፒ አድራሻውን ፈልጊ። በ169.254 ከጀመረ ከራውተሩ ምንም አልተቀበለም ማለት ነው። መብራት ሲመጣ ሁለቱም እኩል ይነሳሉ፤ ራውተሩ ዝግጁ ሳይሆን ፕሪንተሩ ይጠይቅና ባዶ እጁን ይቀራል። ራውተሩ ተረጋግቶ ኢንተርኔት ሲመጣ ፕሪንተሩን አጥፍተሽ አብሪው።

አሁን ወደ ዘላቂው መፍትሔ። ራውተሩ ለፕሪንተሩ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር እንዲሰጠው እናደርጋለን። ከራውተሩ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ መግቢያ አድራሻው፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1፣ ከነስሙና ፓስወርዱ ተጽፏል። በብሮውዘር ግቢና "ዲኤችሲፒ" የሚለውን፣ ማለትም አድራሻ የሚታደልበትን፣ ክፈቺ። "አድሬስ ሪዘርቬሽን" ወይም "ስታቲክ ዲኤችሲፒ" የሚል ታያለሽ። እዚያ የፕሪንተሩን ማክ አድራሻ፣ ማለትም የራሱን መለያ፣ አስገቢ፤ ያው የታተመው ወረቀት ላይ ያለው ባለ 12 ፊደልና ቁጥር ነው። አጠገቡ 192.168.1.50 ስጪውና ሴቭ አድርጊ። የራውተርሽ አድራሻ በሌላ ቁጥር ከጀመረ በነጥብ ከተለያዩት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹን ሦስት እንደ እሱ አድርጊ። ፕሪንተሩን አጥፍተሽ አብሪ። ቁጥሩን ፕሪንተሩ ላይ በእጅ የሚሞሉ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ራውተሩ ሳያውቅ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ይሰጥና ሁለቱ ይጋጫሉ።

ቀጥሎ ዊንዶውስ ላይ "ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ" ከዚያ "ፖርትስ" ግቢ፤ ፖርት ላፕቶፑ ሥራውን ወደ ፕሪንተሩ የሚልክበት መንገድ ነው። ምልክት ያለበት ፖርት በ"ደብሊው ኤስ ዲ" ከጀመረ እሱን ተዪው፤ አድራሻ ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይጠፋበታል። "አድ ፖርት" በዪ፣ "ስታንዳርድ ቲሲፒ/አይፒ" ምረጪ፣ አዲሱን አድራሻ ጻፊ። ኢንስቶል ማድረግ አያስፈልግም። ስትጨርሺ ራውተሩን ከሶኬት ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪና ሞክሪው። የመብራቱን መጥፋት አትጠብቂ።

ስለ መብራቱ አንድ ነገር ልጨምር። ሲጠፋ ፕሪንተሩን ከሶኬቱ ንቀዪው። ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ዕቃ ይጎዳል። ሌዘር ፕሪንተር ከሆነ በትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ አትሰኪው፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ያስጨንቀዋል። ዩፒኤስ ካለሽ ለራውተሩ አድርጊው፤ ራውተሩ ካልጠፋ አድራሻም ብዙ ጊዜ አይቀያየርም።

ካርዱን በእርግጥ የምትጠረጥሪ ከሆነ ፕሪንተሩን በስልክሽ ሆትስፖት ላይ አስገቢው። ሆትስፖቱን 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጊ፤ ብዙ ፕሪንተሮች 5ቱን አያዩም። ከገባ ካርዱ ደህና ነው። እዚያም ቤትም አልገባ ካለ ያኔ ባለሙያ ይየው። እስከዚያ ፈተናው እንዳይቆምብሽ በዩኤስቢ ገመድ ማተም ትችያለሽ።