የሜይንፍሬም ፕሮግራም ባልመጣ ቀን ሲፈተን

ሰላም እህቴ። ደብረ ማርቆስ ሆነሽ ኮቦል በተባለው የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ የውጭ ድርጅት ፕሮግራም እንደምታስተካክዪ፣ ፕሮግራሙም የብድር ወለድ እንደሚያሰላ ጽፈሻል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2028 ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ዛሬ ለማየት የመፈተኛውን ሜይንፍሬም፣ ማለትም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሠራበትን ትልቅ ኮምፒውተር፣ ቀን ወደፊት መግፋት ይቻላል ወይ? ነው ጥያቄሽ። ይቻላል፤ ግን እባክሽ አታድርጊው።

ባሕር ዳር ከመመለሴ በፊት በውጭ አገር በአንድ የመድን ድርጅት ለዓመታት በሜይንፍሬም ላይ ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ የዓመት መዝጊያውን ሥራ ለመፈተን የመፈተኛው ሲስተም ቀን አንድ ዓመት ወደፊት ተገፋ። እኛ የታየን የራሳችን ፕሮግራም ብቻ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት የሁሉም ሠራተኛ የይለፍ ቃል ጊዜው አልፎበት ተገኘ። የከፋው ግን ሌላ ነው፤ የማቆያ ጊዜ የተቆረጠላቸው ፋይሎች ቀናቸው ያለፈ ስለመሰለ የሌሊቱ ጽዳት ጠርጎ አጠፋቸው። አንዲት ባልደረባችን ሦስት ሳምንት የደከመችበት የመፈተኛ መረጃ አብሮ ሄደ። ቀኑ ወደ ቦታው ሲመለስ ደግሞ ገና ያልደረሰ ቀን የተጻፈባቸው መዝገቦች ከዛሬዎቹ ቀድመው ተሰልፈው ቆዩን። የዚያች ልጅ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ሰው ይሠራል፤ ሰዓቱ ግን የጋራ ነው።

መፍትሔው ፕሮግራሙ ቀኑን ከማሽኑ እንዳይጠይቅ፣ ይልቁንም እንዲነገረው ማድረግ ነው። አያቴ ደብተራ ነበሩ። በልጅነቴ የሚመጣውን ዓመት በዓላት በባሕረ ሐሳብ ሲያወጡ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር፤ አንድም ቀን ‹‹ዛሬ ስንት ነው?›› ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ዓመቱን ትሰጫቸዋለሽ፣ እርሳቸው ያወጣሉ። 2020 ዓ.ም.ን ብትሰጪ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለሙ 7520 ይሆናል፤ ለ19 ተካፍሎ ቀሪው 15፣ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 14 ነው፤ ከዚያ አበቅቴው 4፣ መጥቅዑ 26፣ ድምራቸውም እንደ ሥርዓቱ 30። ዛሬ ብትጠይቂም የዛሬ አምስት ዓመት ብትጠይቂም መልሱ ያው ነው። የቀን ስሌት የሚሠራ ፕሮግራም እንዲህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ቀን የሚጠየቅበትን ቦታ ሁሉ ልቀሚ። ‹አክሰፕት ፍሮም ዴት› የሚለው ትእዛዝ እንዲሁ ከተጻፈ ስድስት አሃዝ ብቻ ይሰጣል፤ ዓመቱ በሁለት አሃዝ ነው። ‹ከረንት ዴት› የተባለው ፈንክሽን ደግሞ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከግሪንዊች ያለውን ልዩነት አጣምሮ 21 ፊደል ይመልሳል። ሁሉንም አውጪና በአንድ ንዑስ ፕሮግራም ተኪ። እርሱ መጀመሪያ ከጄሲኤሉ (ሥራውን ለማሽኑ ከሚያስነሣው የትእዛዝ ጽሑፍ) የሚመጣ የቀን ካርድ፣ ማለትም ቀን የተጻፈበት መስመር፣ መኖሩን ያያል፤ ካለ በካርዱ ቀን ይሠራል፣ ከሌለ የማሽኑን ቀን ይወስዳል። ቀኑም ሥራው ሲጀመር አንዴ ብቻ ይያዝ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ50 የተነሣ ሥራ 6 ሰዓት ሲያልፍ ቀኑን ደግሞ ከጠየቀ፣ የደንበኞቹ ግማሽ በትናንት፣ ግማሹ በዛሬ ይሰላሉ። ይህን ስሕተት በእውነተኛ ሥራ ላይ አይቼዋለሁ፤ ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ሌሊት አስመሽቶናል። የተሠራበት ቀንና ከየት እንደመጣ በሪፖርቱ ራስጌ ላይ ይታተም፤ የፈተና ካርድ ተረስቶ ወደ እውነተኛው ሥራ ቢያልፍ ወዲያው የሚታየው በዚያ ነው።

ፕሮግራሙ ዳታቤዙን በሚጠይቅበት በኤስኪውኤሉ ውስጥ ‹ከረንት ዴት› ተብሎ የተጻፈ ካለ እርሱን ለብቻው ፈልጊው። ያንን ቀን የሚመልሰው ዳታቤዙ ስለሆነ ስለ ካርድሽ የሚያውቀው ነገር የለም። በእርሱም ቦታ ፕሮግራሙ የያዘውን ቀን አስገቢ።

የፕሮግራሙ ምንጭ ከጠፋ ወይም መንካት ካልተፈቀደልሽ እንደ አወርግላስ ያሉ መሣሪያዎች አሉ። ፕሮግራሙ የሜይንፍሬሙን ስርዓተ ክወና ዜድኦኤስን ቀን ሲጠይቅ መሐል ገብተው አንቺ የመረጥሽውን ቀን ይመልሳሉ፤ የሌላው ሰው ሥራ አይነካም። ሆኖም ለማሽኑ ቅርብ በሆነው በአሴምብለር ቋንቋ የተጻፈና በ‹ስቶር ክሎክ› ሰዓቱን በቀጥታ ከማሽኑ የሚያነብ ክፍል ካለ ጥያቄው በስርዓተ ክወናው በኩል ስለማያልፍ እውነተኛውን ቀን ያገኛል። እንዲህ ያለ ክፍል ካለሽ ሌላም ነገር እዪለት። ያ ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ1900 መጀመሪያ ጀምሮ በ64 ቢት ስለሚቆጥር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 2042 ሞልቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ዛሬ የሚሰጥ የ20 ዓመት ብድር ማብቂያው ከዚያ ወዲያ ነው፤ የማብቂያውን ቀን በዚህ አቆጣጠር የሚይዝ ፕሮግራም 2042ን ሳይጠብቅ አሁኑኑ ይሳሳታል።

ሙሉ ማሽን በሌላ ቀን ማስኬድ የግድ ከሆነ ለብቻው የተለየ ሲስተም ይሁን። በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ሲስተሞችን ለየብቻ በሚያስኬደው በዜድቪኤም ሥር አንዱን እንግዳ ሲስተም ብቻ በ‹ሴት ቪቶድ› ወደ ሌላ ቀን መውሰድ ይቻላል። በላፕቶፕሽ ለመለማመድ ሄርኩለስ የተባለውን የሜይንፍሬም ማስመሰያ ከነጻውና ከጥንቱ የሜይንፍሬም ስርዓተ ክወና ከኤምቪኤስ 3.8 ጋር ጫኚ፤ በማዋቀሪያ ፋይሉ ‹ዋይአርኦፍሴት›ን -28 ብትዪው ዓመቱ ወደ ኋላ ሄዶ የሳምንቱ ቀናት ግን ከዛሬው ጋር ይገጥማሉ።

በጥያቄሽ መጨረሻ ሪፖርቱ ቀኑን በእኛ አቆጣጠርም እንደሚያትም ጠቅሰሻል። እንግዲያው ፌብሩዋሪ 29 ብቻውን አይበቃሽም። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብለው የተጻፉ ቀን ለዋጮች ብዙ አጋጥመውኛል። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን አላት። ካርዱ ላይ 20270911 (ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027) ጽፈሽ አስኪጂ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ማለት አለበት። ቀጥሎ 20270912 ጻፊ፤ መስከረም 1 ቀን 2020 ማለት አለበት። የሁለቱን ውጤት እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።