ሰባት ቤት በእንግሊዝ አገር መዝገብ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣ በደብረ ማርቆስ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ልጄ በእንግሊዝ አገር በነርስነት ስትሠራ የአገሩን ሰው አግብታ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ልጁ አሁን 11 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት መጥተው ሲሰነብቱ የቤተሰባችን ሽማግሌ ልጁን ከጎናቸው አስቀምጠው የእናቱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ከነአገሩ ቆጠሩለት። የአባቱ ተራ ሲደርስ ግን አማቼ ከሴት አያቱ በላይ መሄድ አልቻለም። «እኛ የላንካሻየር ጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበርን፤ የእኛን ዓይነት ሰው ማን ጽፎ ያስቀምጣል?» አለ። ከአያቱ ሣጥን የተገኘ የ1874 የጋብቻ ወረቀት ቅጂ ግን ልኮልኛል፤ ሙሽሮቹ የአያቱ ቅድመ አያቶች ይመስሉታል። ሙሽራዪቱ «ሸማኔ» ተብላ ተጽፋለች፤ በፊርማዋ ቦታ ያለው መስቀል ብቻ ነው። ሸማኔ መሆኗን ስነግራቸው ሽማግሌው ዝም ማለታቸው ከንክኖኛል። መስቀሉ ምንድን ነው? የሠራተኛ ሰው ዘርስ በእርግጥ ተፈልጎ ይገኛል ወይ?

መልስ፦ መስቀሉ የሃይማኖት ምልክት አይደለም፤ መጻፍ የማትችለው ሙሽራ በፊርማዋ ፈንታ ያኖረችው ምልክት ነው፤ በእኛ አገር ያልተማረ ሰው በአውራ ጣቱ አሻራ እንደሚፈርመው ማለት ነው። ከመስቀሉ ግራና ቀኝ የጸሐፊው እጅ «የእገሊት ምልክት» ብሎ ሲጽፍበት ያዩታል። ሆኖም ከማዕከላዊው የመዝገብ ጽሕፈት ቤት የሚወጣ ቅጂ ከቅጂ የተገለበጠ ስለሆነ፣ በእጅዎ ያለው መስቀል ምናልባት የጸሐፊው እንጂ የሙሽራዪቱ ላይሆን ይችላል። የራሷ እጅ የነካው፣ ብዕሩን ጠበቅ አድርጋ የሳበችበት መስመር ያለው በተጋባችበት ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ነው፤ ከተቻለ የዚያን ገጽ ፎቶግራፍ ለልጁ እንድታገኙለት አጥብቄ እመክራለሁ።

በዚህ መልስ የምጠቅሳቸው ዓመታት የእንግሊዝ አገር ጉዳይ በሆኑበት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። 1874 ሲባል በእኛ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የነገሡበት፣ የእርስዎም ከተማ ገና መንቆረር ትባል የነበረበት ዘመን ነው።

አማችዎ «ማን ጽፎ ያስቀምጣል» ማለታቸው ከልብ የመነጨ ቢሆንም ትክክል አይደለም። በጎጃም ገበሬው ዘሩን በቃሉ የያዘው ርስት ስለነበረ ነው፤ ከመሬቱ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበትና። የእንግሊዝ የቀን ሠራተኛ የሚከራከርበት መሬት ስላልነበረው የአያቶቹን ስም በቃሉ የሚይዝበት ምክንያት አነሰው። ነገር ግን ሌሎች፣ ማለትም ቄሱ፣ የሕዝብ ቆጠራ ጸሐፊውና የአጥቢያው የድሃ መጦሪያ ሹም፣ ለየራሳቸው ጉዳይ ሲሉ ጻፉት። ስለዚህ እናንተ ከሽማግሌ አፍ የምታገኙትን እነሱ ከመዝገብ ያገኙታል።

አሁን ወረቀቱን ደግመው ይመልከቱት። የሁለቱም ሙሽሮች አባቶች ስምና ሥራ በመጨረሻዎቹ ዓምዶች ሰፍሯል። ሙሽሮቹ እንደተባለው የአያትዬዋ ቅድመ አያቶች ከሆኑ፣ ከልጁ አባት ጀምረው ወደ ላይ ሲቆጥሩ ሙሽሮቹ ስድስተኛ ቤት፣ አባቶቻቸው ደግሞ ሰባተኛ ቤት ይሆናሉ። ሽማግሌው የጠየቁት ሰባተኛ ቤት በዚያች ወረቀት ላይ ሳይኖር አይቀርም። የእናቶች ስም ግን የለም፤ በእንግሊዝ የጋብቻ መዝገብ የእናት ስም መጻፍ የጀመረው በ2021 ብቻ ነው፤ ይህ ለሴቷ ዘር ትልቅ ጉድለት ሆኖ ኖሯል።

ቢሆንም «ይመስሉታል» በሚል ቃል ላይ ዘር አይቆጠርም። ትልቁ ስሕተት ከላይ መጀመር ነው፤ ስሙ የተመሳሰለ ሰው ሁሉ አያት ይመስላልና። በእኛ ዘንድ የልጅ ስም ከአባት ስም ጋር ሲነገር ሁለት ትውልድ ይታወቃል፤ በእነሱ ግን የቤተሰቡ ስም ሳይለወጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚሄድ አንድ ስም የያዙ ብዙ ሰዎች በአንድ ከተማ ይገኛሉ፤ ሴት ስታገባ ደግሞ የባሏን ቤተሰብ ስም ስለምትይዝ የአባቷ ቤት ስም ይሰወራል። ስለዚህ አማችዎ በአያቱ ከሚዛመደው ወላጁ የልደት ምስክር ወረቀት ይጀምር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በእንግሊዝና በዌልስ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው፤ በልደት ወረቀት ላይ የእናት የአባቷ ቤት ስም ይጻፋል። በዚያ ስም የአያቱን ጋብቻ ያገኛል፤ ጋብቻው የአባቷን ስምና ሥራ ይነግረዋል፤ ከዚያ ወደ ልደቷ ይሄዳል። ልደት ወደ ጋብቻ፣ ጋብቻ ወደ ልደት እያገናኘ እንደ ሰንሰለት ይወጣል።

ሰንሰለቱን የሚያጠብቀው የሕዝብ ቆጠራው ነው። ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፤ ሰው ሁሉ በስሙ ተጽፎ የምናገኘው ግን ከ1841 ጀምሮ ነው። የ1841ዱ ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ቤት ያጠጋጋል፤ 34 ዓመት የሞላው ሰው 30 ተብሎ ይገኛል። ከ1851 ወዲህ ዝምድናውም የተወለደበት አጥቢያም ይጻፋል። የ1931ዱ በእሳት ተቃጥሏል፤ የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም። ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ግን የ1911ዱን ነው። ቅጹ ያገቡ ሴቶችን ስንት ዓመት በትዳር እንደኖሩ፣ ስንት ልጅ እንደወለዱ፣ ስንቱ በሕይወት እንዳለና ስንቱ እንደሞተ ይጠይቃል። በ1874 የተሞሸረችው ሴት ከነባሏ እስከዚያ ከኖረች፣ ስማቸው በየትም ያልቀረ ሕፃናቷ በዚያች ቁጥር ውስጥ ይገኛሉ።

ከ1837 በፊት ላለው ዘመን የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ አለ፤ ካህናት ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲጽፉ የታዘዘው በ1538 ነው። ከ1813 ወዲህ በጥምቀት መዝገብ የአባት ሥራ ጭምር ተጽፏል። ከ1752 በፊት ዓመቱ የሚለወጠው መጋቢት 25 ቀን ስለነበር፣ በየካቲት 1740 የተባለ ጥምቀት በዛሬው አቆጣጠር 1741 ነው። አዲስ ዓመትን በመስከረም የሚጀምር አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የድሃው ድምፅ ቀርቦ የሚሰማው ግን በሌላ ወረቀት ላይ ነው። በ1662 የወጣው ሕግ ችግረኛን የመጦር ግዴታ የተጣለው ሰውየው «የእኔ» በሚላት አጥቢያ ላይ መሆኑን ስለወሰነ፣ ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው ሲደኸይ ዳኞች ፊት አቅርበው ያስምሉት ነበር፦ የት ተወለድህ፣ ሙሉ ዓመት የተቀጠርኸው ማን ቤት ነው፣ ማንን አገባህ፣ ልጆችህ ስንት ናቸው? መልሱ ሁሉ ይጻፋል፤ ሰውየውም በመጨረሻ እንደ ሙሽራዪቱ መስቀል ያኖርበታል። መርማሪዎቹ ይህን ያደረጉት ወጪ ለመሸሽ ነበር፤ ሆኖም ባለርስቱ ሰው ያልተወውን የሕይወት ታሪክ ለድሃው ትተውለታል። የላንካሻየር መዛግብት ዋና ማኅደር በፕሬስተን ከተማ ይገኛል፤ በበጎ ፈቃደኞች የተገለበጡ ብዙ የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብት ደግሞ ላንካሻየር ኦንላይን ፓሪሽ ክለርክስ በተባለ ድረ ገጽ፣ የልደትና የሞት ማውጫዎች ፍሪ ቢኤምዲ በተባለ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ይታያሉ።

ስለ ሽማግሌው ዝምታ የሚሉትን እረዳለሁ፤ ሸማኔ መባል በአገራችን ስድብ ሆኖ ኖሯልና። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግን በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ይህን በአክብሮት ቢያስታውሷቸው መልካም ነው። የላንካሻየርዋ ሸማኔ ምን ትሠራ እንደነበረም ይንገሯቸው። በእንፋሎት የሚንቀሳቀሱ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት የሽመና መኪናዎችን ብቻዋን ትጠብቃለች፤ ክር ሲበጠስ ፈጥና ትቀጥላለች፤ ጩኸቱ ጆሮ ስለሚደፍን ከባልንጀራዋ ጋር የምትነጋገረው የከንፈር እንቅስቃሴ እያየች ነበር። በ1844 የወጣው ሕግ ልጆች ከ8 ዓመታቸው ጀምሮ ግማሽ ቀን በፋብሪካ እንዲሠሩ ይፈቅድ ስለነበር፣ መጻፍ ያልተማረችበትን ምክንያት ምናልባት ከዚህ መገመት ይቻላል። በ1861 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ ጥጥ ሲቋረጥ ፋብሪካዎቹ ለዓመታት ቆመው ሠራተኛው በእርዳታ እህል ኖሯል፤ ይህች ሙሽራ ያን ጊዜ ሕፃን ሳትሆን አትቀርም።

የ1861ዱ ቆጠራ የተደረገው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ ችግሩ ከመበርታቱ በፊት ነው። አማችዎ እስከ ሙሽሮቹ ያለውን ሰንሰለት ካረጋገጠ በኋላ ሙሽራዪቱን በዚያ ቆጠራ፣ በአባቷ ስም ይፈልጋት፤ ከወላጆቿ ጋር ከተገኘች የእናቷ መጠሪያ ስምና የተወለደችበት አጥቢያ እዚያው ከስሟ ጎን ይቆየዋል።