«ሞስኮ ካልሆነ ይቅርብኝ?» ላልሽው እህቴ

በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቀሽ፣ በሩሲያ መንግሥት የትምህርት ዕድል ለማስተርስ ሚቹሪንስክ የሚባል ከተማ እንደደረሰሽ ጽፈሻል። «የነገርኩት ሰው ሁሉ ‹የት ነው እሱ ደግሞ?› እያለ ይስቅብኛል፤ ልተወው?»

የሚስቁብሽ አፕል ተክለው አያውቁም። ሚቹሪንስክ ከሞስኮ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ታምቦቭ ክልል ውስጥ ናት። የዱሮ ስሟ ኮዝሎቭ ነው። የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ የነበረው ኢቫን ሚቹሪን ብርድ የሚችል አፕልና ፒር ሲያዳቅል ኖሮባት፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በሕይወት እያለ በስሙ ተጠራች። የግብርና ዩኒቨርሲቲውም የፍራፍሬ ምርምሩም እዚያው ነው።

እኔ አንቺን ብሆን ግን ከሚቹሪን ይልቅ የተመራማሪውን የቡዳጎቭስኪን ሥራ እከተል ነበር። ዛፉን አጭር የሚያደርጉ የአፕል ሩትስቶኮችን (ዝርያው የሚጣበቅባቸውን ሥረ ግንዶች) ያወጣው እዚያው ከተማ ሲሆን፣ «ቢ 9» የሚባለው አሜሪካ ድረስ ይተከላል። ቅጠሉ ቀይ ነው። ዝርያው ከተጣበቀበት በታች ሥሩ በራሱ ሲያቆጠቁጥ ቀዩ ቅጠል ያጋልጠዋል፤ በዓይን ብቻ ለይተሽ ትቆርጪዋለሽ።

አንድ ነገር ግን አትሳሳቺ። የእነሱ ጭንቀት ውርጭ ነው። የእኛ ደጋ ችግር ተቃራኒው ነው፦ ዛፉን የሚያስተኛ በቂ ብርድ የለም። ሞቃት አገር ደጋ ላይ አፕል የሚያለሙ ሰዎች ቅጠሉን በእጅ እያራገፉ ነው እንዲያብብ የሚያስገድዱት። ስለዚህ አፕል ለሚያለማው ለጨንቻ ደጋ ገበሬ ይዘሽለት የምትመጪው የሩሲያን ዝርያ ሳይሆን የማጣበቅና የማባዛት የእጅ ሙያውን ነው። ለመመረቂያሽም ማዳቀልን አትምረጪ። ከተዳቀለ ዘር የበቀለ አፕል ፍሬ እስኪያሳይ ዓመታት ይፈጃል፣ የአንቺ ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው። ሩትስቶክ ማባዛት ወይም ቲሹ ካልቸር (ከትንሽ የተክል ቁራጭ በላቦራቶሪ ማባዛት) ያዋጣሻል።

ቤተ መጻሕፍት ስትገቢ የመጽሐፉን የኅትመት ዓመት እዪ። ሚቹሪን እ.ኤ.አ. በ1935 ሞተ፤ ከዚያ የሶቪየቱ የግብርና ሰው ሊሴንኮ ስሙን ባንዲራ አድርጎ ጄኔቲክስን አሳደደ። አገራችን ድረስ መጥቶ ዘር የሰበሰበው የዕፅዋት ሳይንቲስቱ ቫቪሎቭ በ1943 እስር ቤት ሞተ። የሊሴንኮ ትምህርት በነገሠበት ከ1948 እስከ 60ዎቹ አጋማሽ የታተመውን በጥርጣሬ አንብቢ።

ቋንቋው አያስፈራሽ፤ የመሰናዶ ዓመት አለ፣ ትንሽ ከተማ ደግሞ በግድ ያናግርሻል። ከመፈረምሽ በፊት አማካሪ ለሚሆንሽ መምህር ጽፈሽ፣ ተማሪ በእጁ የሚሠራበት የሙከራ ማሳ እንዳለ ጠይቂ። «አለ» ካሉሽ ወፍራም ካፖርት ግዢ።