መርፌው ኪኒኑን የሚያስችል እንጂ የሚያስጥል አይሁን

አናስትሮዞል የተባለውን የጡት ካንሰር ኪኒን ከጀመርሽ ወዲህ ጠዋት ጣቶችሽ አልታጠፍ ማለታቸውን ጽፈሽ፣ ኪኒኑን ላቁመው ወይስ የቻይና መርፌ (አኩፓንክቸር) ይሻለኛል ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔም እዚሁ አዳማ ነኝ፤ የምውጠውም ይህንኑ ኪኒን ነው። ጀበና ማንሳት አቅቶኝ ቡናውን ልጄ ትቀዳ ነበርና ሕመምሽን አውቀዋለሁ።

አንደኛ፣ ቁርጥማቱን ያመጣው ኪኒኑ ነው። ካንሰሩን የሚቀልበውን ኢስትሮጅን የተባለ የሴት ሆርሞን ሰውነት እንዳይሠራ ያግዳል፤ ኢስትሮጅኑ ሲጠፋ ደግሞ መገጣጠሚያ ይታመማል። ከምንወስደው ሴቶች ግማሽ ያህላችን እንዲህ እንሆናለን። ይህን አስረግጬ የምነግርሽ፣ አንድ ሐኪም ካርዴን ሳይገልጥ «ዕድሜ ነው እናቴ» ብሎ ማስታገሻ ጽፎ ስለሸኘኝ ነው። የጡት ካንሰር ታካሚ ነኝ ስለው «እሱማ አልቋል» አለኝ። አልቋል! ታዲያ በየማታው የምውጠው ምንድን ነው? አንቺ በቀጥታ ኪኒኑን ወዳዘዘልሽ የካንሰር ሐኪም ሂጂ። ለጥቂት ሳምንታት ሊያሳርፍሽ ወይም ወደ ተመሳሳዮቹ ኪኒኖች፣ ወደ ሌትሮዞል ወይም ኤክሰሚስቴን፣ ሊቀይርልሽ ይችላል፤ ውሳኔው ግን የእሱ ነው።

ሁለተኛ፣ መርፌው ይረዳል። አሜሪካ ውስጥ እንደኛ ያሉ 226 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል፤ እውነተኛውን መርፌ የተወጉት፣ ለማስመሰል ከተወጉትና ተራ ሲጠብቁ ከቆዩት ይልቅ ሕመማቸው ቀለል ብሏል። አወሳሰዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንት፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ለሌላ 6 ሳምንት ነበር። ስለዚህ አንዴ ተወግተሽ «አልሠራልኝም» እንዳትዪ። እኔም መጀመሪያ ላይ ለውጥ አላየሁም። መርፌው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ሲገባ ብዙ አያምም፣ ቦታው ላይ ግን የመክበድ ስሜት ይመጣል። ቆይቶ አንድ ጠዋት የሹራቤን ቁልፎች ራሴ ቆለፍኳቸው፤ ልጄን ከመኝታዋ ቀስቅሼ ነው ያሳየኋት።

ሦስተኛ፣ የምትወጊበትን ቦታ ምረጪ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንድ ቦታ ሄጄ ነበር፤ ሰውየው የሙሉ ሕክምናውን ክፍያ በቅድሚያ ጠየቀኝ። «ኪኒኑን ጣይው፣ በሽታውን ከሥሩ እነቅለዋለሁ» አለኝ። ቀጥሎ ግራ ክንዴን ያዘ፤ በቀዶ ሕክምና የብብቴ ንፍፊት የወጣበትን! ክንዱ እንዳያብጥ ብለን የደም ግፊት እንኳ የማንለካበትን ክንድ። መርፌዎቹ ደግሞ ክፍት ሳህን ላይ ተዘርግተው ነበር። እጄን ነጥቄ፣ ነጠላዬን አንስቼ ተነሣሁ። የካርድ ገንዘቤን አልመልስም ያለችው ልጅ «ሰዓታችንን አባከኑ» ብላ በሰው ፊት ጮኸችብኝ። ይጩኹ! ያን ዕለት ኪኒኔንም ክንዴንም አስከብሬ ወጥቻለሁ፤ ዛሬም እኮራበታለሁ።

ከዚያ በኋላ የሄድኩት የቻይና ሐኪሞች ወደሚሠሩበት ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው። አቃቂ በኩል ስለሆነ በፈጣን መንገዱ ለምንሄድ ሰዎች መሀል አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት የለም። ከመነሣትሽ በፊት ግን ደውለሽ አረጋግጪ። የትም ብትሄጂ የታሸገው መርፌ ፊትሽ ይከፈት፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገበት ክንድ አይነካ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰድሽም አስቀድመሽ ተናገሪ።

ከመርፌው ጋር በእግር መሄድን አትተዪ፤ ሕመሙን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። እኔ ፀሐይ ሳይበረታ ማለዳ ነው የምወጣው። ሶደሬ ሙቅ ውኃው ውስጥ ስገባ ጉልበቴ ይላላልኛል፤ ለዚህ ግን ምስክሬ ጉልበቴ ብቻ ነው። ኪኒኑ አጥንትም ስለሚያሳሳ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራና ቫይታሚን ዲ ያስፈልግሽ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የጸና፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም ከመጣ ግን መርፌ ቤት አትሂጂ፤ ሳታድሪ ለካንሰር ሐኪምሽ ንገሪ።