ሜሪ ጃኮብና ካሬስ ክሮስቢ አንድ ሴት ናት

የጡት መያዣ ፓተንት (የፈጠራ መብት ማረጋገጫ) ያወጣችው ሜሪ ጃኮብና መጽሐፍ አሳታሚዋ ካሬስ ክሮስቢ አንድ ናቸው ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ አንድ ሰው ናት። ፓተንቱ ላይ ጃኮብ፣ መጽሐፎቹ ላይ ክሮስቢ የሚለው ስታገባ ስሟ ስለተቀየረ ነው። መሃል ላይ ፒቦዲ የሚል ካገኘሽም እሷው ናት፤ የመጀመሪያ ባሏ ስም ነው። ካሬስ የሚለውን ስም ያወጡት ከሁለተኛው ባሏ ከሃሪ ክሮስቢ ጋር ሆነው ነው።

ፓተንቱን የምትፈልጊው በጃኮብ ነው። በ1914 (እ.ኤ.አ.) ስታገኘው ገና አላገባችም። ነገሩ የተጀመረው ለጭፈራ ምሽት ስትለብስ ነው፤ ኮርሴቱ (ሰውነትን አጥብቆ የሚይዝ የውስጥ ልብስ) ከቀሚሷ ሥር እየወጣ አስቸገራት፣ ከሠራተኛዋ ጋር ሁለት መሐረብና ሪባን ሰፍተው የጡት መያዣ ሠሩና ከኮርሴቱ ተገላገለች። በኋላ መብቱን ለአንድ የኮርሴት ኩባንያ በ1,500 ዶላር ሸጠችው። ኩባንያው ምን ያህል እንዳተረፈበት አስቢው!

መጽሐፎቹን ያወጣችበት ማተሚያ ቤት ብላክ ሰን ይባላል፤ ከሃሪ ጋር ፓሪስ ውስጥ ያቋቋሙት ነው። የደራሲዎቹን የጄምስ ጆይስንና የዲ. ኤች. ሎውረንስን ሥራዎች አሳትሟል። በታኅሣሥ 1929 ሃሪ ኒው ዮርክ ውስጥ ከሌላ ሴት ጋር በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኙ። እሷ ግን ማተሚያ ቤቱን አልዘጋችም፤ የአሜሪካዊውን ገጣሚ የሃርት ክሬንን ረጅም ግጥም ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ «የመጀመሪያዋ የጡት መያዣ ፈጣሪ» ብለሽ እንዳትጽፊ። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ሳርም ሁሌ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ከእሷ በፊትም ፓተንት ያወጡ ነበሩ።