ልጆቹን ሐይቅ ዳር ይዘሽ ልትወጪ ለጠየቅሽው እህቴ

«የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ያለ ልጆችን ይዘን ለአንድ ቀን ሐይቅ ዳር ልንውል ነው፤ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስሄድ ምን ላዘጋጅ?» ብለሻል። ኳስ፣ ገመድና ፊኛ ብዙ ሰው ዘርዝሮልሻል፤ እሱ አይጠፋም። እኔ ከፒያሳ ልጆች ይዘን ስንወጣ ያየሁትንና እስካሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። እናንተም የምትነሱት ከመሃል ከተማ ስለሆነ የሚገጥማችሁ ከእኛ ብዙም አይለይም።

1. የድጋፍ ደብዳቤ። መኪና ለመለመንም፣ የመዝናኛ ቦታው ዋጋ እንዲቀንስላችሁም ደብዳቤ አምጡ ትባላላችሁ። የሄድንበትን ቢሮ ስሙን አልጠራም። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ተመለሱ» የሚለውን ቻልነው። በኋላ ግን አንድ ሰውዬ ማመልከቻችንን አገላብጠው «የልጆቹ ስም ዝርዝር ከነምርመራ ውጤታቸው ካልተያያዘ ማህተም አይመታም» አሉ። ለምን ስንላቸው «መሆናቸውን በምን እናውቃለን?» አሉን። ውጭ ጠብቁ ተባልንና ወጣን። ኮሪደሩ በባለጉዳይ ጢም ብሏል። ትንሽ ቆይተው በሩን ከፈቱና «የኤድስ ልጆቹ ጉዳይ! እነማን ናችሁ? ግቡ!» ብለው ጮክ ብለው ተጣሩ።

ከእኛ ጋር አንዲት እማማ ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ። በአሳዳጊዎች ስም እንዲፈርሙ ነበር የመጡት። አግዳሚው ላይ የሰፈራቸው ሰው ተቀምጧል። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና፣ ከእኛ ጋር እንዳልመጡ ሆነው በደረጃው ወረዱ። ልጅቷ ጉዞው ላይ አልመጣችም። ደውለን ብንለምናቸው «የኔ ልጅ፣ እኔ ያለሁት ሰው ቤት ነው፤ ይቅርብን» አሉ። አከራይ ከሰማ ምን እንደሚከተል አንቺም ታውቂዋለሽ።

መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው! ክኒናቸውን በሰዓቱ የሚወስዱ ልጆች ይማራሉ፣ ይሮጣሉ፣ አድገው ራሳቸው ወላጅ ይሆናሉ። የዚያ ቢሮ አፍ ግን አሁንም የድሮው ነው። ስለዚህ ስም ዝርዝርና የምርመራ ውጤት ለማንም እንዳትሰጪ። የግል ሕይወት መከበር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አንቀጽ 26 ላይ አለ። አንቀጽ 36 ደግሞ ልጆችን በሚመለከት ጉዳይ የሚቀድመው የልጆቹ ደህንነት ነው ይላል። እኛ «ለሕፃናት የመዝናኛ ጉዞ» ብለን ብቻ እንደገና ጻፍን፤ ሁለቱን አንቀጾች ጠቅሰን ሌላ ኃላፊ ጋ ገባን። እሳቸው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ፈረሙልን። በዚህ ሥራችን እስካሁን እኮራለሁ።

2. ባነር፣ ቲሸርትና ፎቶ። መኪናውን ሊሰጠን የነበረ ድርጅት አውቶቡሱ ላይ ባነር ልስቀል አለ። ባነሩ ላይ የበሽታው ስም በትልቁ ተጽፏል። ፎቶ አንሺም አብሮ ይሄዳል ተባልን። እንቢ ስንል መኪናውን ከለከሉን፤ ለዚያውም ጉዞው ሊደርስ ሲል። ከበጎ ፈቃደኞቹና ከሰፈር ነጋዴዎች ብር አዋጥተን ቅጥቅጥ ተከራየን። ወጪው ጎድቶናል፤ ቢሆንም አሁንም ቢመጡ መልሴ ያው ነው። ልጆቹ ከማን እንደሚደበቁ አስቢው። የክፍል ጓደኛ አለ፣ የሰፈር ልጅ አለ፣ ዘመድም ሳይቀር አለ። አንድ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ከወጣ የሚሰበስበው የለም። እኛ ጠዋት ስልኮቻችንን ሁሉ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተትን። ለአስተባባሪዋና ለነርሷ ብቻ ተተወላቸው፤ እሱም ለመደወያ። አንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ አኮረፈ። ያኩርፍ።

3. መነሻ ቦታ። ልጆቹን መድኃኒት የሚወስዱበት ጤና ተቋም በር ላይ እንዳትሰበስቢ። በር ላይ ማን እንደሚያልፍ አታውቂም። መስቀል አደባባይ ወይም ስታዲየም አካባቢ ይሻላል። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ለጉዞ የሚሰባሰበው ሰው ብዙ ስለሆነ እናንተን ለይቶ የሚጠይቅ የለም። ደግሞ ከልጆቹ መሃል ምን እንዳለባቸው የማያውቁ አሉ። ይሄን ሳልረሳው በደንብ ልንገርሽ፤ አዲስ በጎ ፈቃደኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለልጁ የተነገረው «የልብ መድኃኒት ነው» ወይም «ቫይታሚን ነው» ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአቅመ ትምህርት የደረሰ ልጅ ቀስ በቀስ ይነገረው ይላል። የሚነግሩት ግን አሳዳጊውና የጤና ባለሙያው ናቸው፣ እኛ አይደለንም። መኪና ውስጥ አንዷ ልጅ ክኒኗን ስታወጣ አጠገቧ የተቀመጠችው በጎ ፈቃደኛ «ይሄ ለምንሽ ነው?» አለቻት። ልጅቷ ክኒኗን በመዳፏ ሸሸገችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ነርሷ ሮጣ መጥታ «ነይ ከፊት ውሃ አለ» ብላ ወሰደቻት። ከዚያ በኋላ ስለ መድኃኒት የምትናገረው ነርሷ ብቻ እንድትሆን ተስማማን። እናንተ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

ሰዓቱንም ከአሳዳጊዎቹ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። ጠዋት የሚወስድ ቁርሱን በልቶ፣ ወስዶ ይምጣ። ማታ የሚወስድ ሳያልፍበት ቤቱ ይድረስ። ከቢሾፍቱ በፈጣን መንገዱ ቶሎ ትመጣላችሁ፤ ቱሉ ዲምቱን አልፋችሁ ከተማ ስትገቡ ግን መንገዱ ይዘጋጋል። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተነሱ፤ ልጆቹ ቢያለቅሱም።

ሐይቁን በተመለከተ፣ ላንጋኖ ዳርቻው ለልጅ ይመቻል፣ ቢልሃርዚያም (ከሐይቅ ውሃ የሚይዘው የትል በሽታ) የለበትም ይባልለታል። ግን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለትንሽ ልጅ ስቃይ ነው። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ እሱን ምረጡ። እዚያ ያሉት ሆራም ባቦጋያም በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተፈጠሩ ሐይቆች ናቸው። ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ድንገት ይጠልቃሉ፤ እንደ ላንጋኖ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ውሃ አይምሰላችሁ። እኛ ከቁርጭምጭሚት በላይ ማንም አይገባም ብለን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ውሃው ጠርዝ ላይ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ቆሙ። ጀልባ ካለ ላይፍ ጃኬቱ በልጅ ልክ መሆኑን ራስሽ አስረሽ እዪ። የኢሬቻን ሰሞን ደግሞ ተዉት፤ ሆራ ላይ የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ልጅ መቁጠር አይቻልም።

ቫይረሱ በውሃ፣ በኩባያ፣ በመተቃቀፍ እንደማይተላለፍ አንቺ ታውቂያለሽ። አብረውሽ የሚሄዱት ሁሉ ያውቁ እንደሆነ ግን ጠይቂ። እኛ ጋ አንዷ ዳቦ ልታድል ጓንት አጠለቀች፤ ለራሷ ነው እንጂ ለንፅህና አልነበረም። አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ልጅ እጇን አየና ዳቦውን ሳይቀበል ወደ ኋላ ሄደ። ትልልቆቹ ልጆች ምንም አያመልጣቸውም። ጓንት የሚወጣው ደም ሲኖር ነው፤ ያኔ ደግሞ ለማንኛውም ሰው ደም ነው፤ ለሹፌሩም ቢሆን። እንዲያውም መጠንቀቅ ያለባችሁ እናንተ እንዳታስይዟቸው ነው። ሳል ወይም ጉንፋን ያለበት በጎ ፈቃደኛ ይቅር። መኪናው ውስጥም መስኮት ይከፈት፤ አቧራ ነው ብሎ የሚዘጋ አይጠፋም። ኮትሪሞክሳዞል (ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይዛቸው የሚሰጥ መድኃኒት ነው) የሚወስዱ ልጆች ቆዳቸው በፀሐይ ቶሎ ሊጎዳ ስለሚችል ለሁሉም ኮፍያ ያዙ። ለሁሉም ነው የምልሽ፤ ለእነሱ ብቻ ብትሰጪ እንደገና ለየሻቸው ማለት ነው።

ምግብ ላይ ሥጋ ቢቀር ይሻላል። የሚጾምም፣ ሙስሊምም ልጅ ይኖራል። አትክልት፣ ሽሮና ሙዝ ሁሉንም አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጣል።

ሹፌሩንና ረዳቱን ከዋዜማው አናግሯቸው። ልጆቹ እነማን እንደሆኑ ለእነሱም አይነገርም፤ «የሰፈር ልጆች ናቸው» ይበቃል። ደብዳቤውን እንዴት እንደጻፍነው ማየት ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።