ልጄ ሳይገረዝ ክርስትና ቢነሣ ችግር አለው?

ጥያቄ፦ ጀርመን ነው የምኖረው። ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። ሐኪሞቹ የደም ምርመራው ሳያልቅ አይገረዝም ስላሉኝ ስምንተኛው ቀን አለፈኝ። አሁን አርባው ደርሷል። እናቴ ደግሞ «ያልተገረዘ ልጅ አይጠመቅም» ብላ ተቆጥታለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጁን በአርባው ቀን አስጠምቂው። ግዝረቱ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። የሚደማን ሕፃን ለቀን ብሎ ማስገረዝ ጽድቅ አይደለም።

እናትሽ ብቻቸውን አይደሉም፤ ይህን አባባል ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ግን እስቲ አስቢው። ሴቶች ልጆቻችን በሰማንያ ቀን ይጠመቃሉ። ማን ገረዛቸው? (ሴትን ግረዙ የሚል ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ሃይማኖት ነው እያሉ ሴት ልጅ የሚያስገርዙ ሰዎች በእግዚአብሔር ላይ ነው የሚያሳብቡት።) ጥምቀት በግዝረት ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን ኖሮ ሴቶች ሁሉ ከደጅ በቀሩ ነበር።

አብርሃምንም ተመልከቺ። የተገረዘው በ99 ዓመቱ ነው። እምነቱ ጽድቅ ሆኖ የተቆጠረለት ግን በዘፍጥረት 15 ላይ ነው፣ እስማኤል ገና ሳይወለድ። እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ቢያንስ 13 ዓመት ያህል ሳይገረዝ ጻድቅ ተብሎ ኖሯል ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ግዝረቱን «ማኅተም» የሚለው ለዚህ ነው። ማኅተም የሚመታው ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ ነው።

ታዲያ እኛ ለምን እንገረዛለን? አፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ መልሰውታል። የካቶሊክ ሚስዮናውያን «አይሁድ ናችሁ» ሲሉን፣ የምንገረዘው እንደ አይሁድ ሳይሆን እንደ አገር ልማድ ነው አሉ። በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣ፣ በሕንድ ጆሮ እንደሚበሳ ማለት ነው። ልማዱ መልካም ነው፣ እኔም አልነቅፈውም። ጌታችንም በስምንተኛው ቀን ተገርዟል፤ ጥር 6 እናከብረዋለን። የመዳን መግቢያ ስናደርገው ግን ከገላትያ ሰዎች ስሕተት እንገባለን።

ሙሴ ገና በኦሪት «የልባችሁን ሸለፈት ግረዙ፤ ከእንግዲህ ወዲህም አንገተ ደንዳና አትሁኑ» ብሎ ነበር። ይሄኛው ነው የሚከብደው። በአንድ የግዝረት ድግስ ላይ ሁለት ወንድማማቾች አይቻለሁ፤ በርስት ተጣልተው አንዱ ከበሩ ጥግ፣ ሌላው ከጓዳው በኩል ጀርባ ተሰጣጥተው እንጀራ ይቆርሳሉ። ሁለቱም በስምንት ቀናቸው ተገርዘዋል! ጠላው ሲዞር እንኳ አንዱ ከሌላው እጅ ብርጭቆ አልተቀበለም። ሸለፈቱ ያለው እዚያ ነው። ልጅሽ ደግሞ በጥምቀት የሚቀበለው ቆላስይስ 2፥11 «በእጅ ያልተደረገ መገረዝ» ያለውን ነው።

ለእናትሽ ይህን በቀስታ አንብቢላቸው፤ አትሟገቻቸው። ዛሬውኑ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ የክርስትናውን ሰዓት ያዢ።